የመድኃኒት ቤቱ ከንቲባ

ከሦስት ሳምንት በፊት ተሹሜ ነበር። እንኳን ደስ አለህ የሚለኝ ሰው ሳይመጣ ተሻርኩ።

ሹመቱ ከንቲባነት ነው። ግዛቴ ከቤቴ 200 ሜትር ያህል የሚርቅ አንድ መድኃኒት ቤት ነው፤ ከነሚዛኑ፣ ከነወረፋው። የመረጠኝም ሕዝብ ሳይሆን ስልኬ ነው። ለደም ግፊቴ ክኒን፣ ለጉሮሮዬ ሽሮፕ፣ ለልጄ ሳል ሌላ ሽሮፕ እያልኩ ስመላለስ፣ በገባሁ ቁጥር «እዚህ ነኝ» የምትለዋን ቁልፍ እጫን ነበር። አንድ ቀን ጠዋት አፑ ጥሩምባ ነፋና የወርቅ ዘውድ ደፋልኝ። «እንኳን ደስ አለዎት! የዚህ ቦታ ከንቲባ ሆነዋል።» ሌላው በትግል ሥልጣን ይይዛል፤ እኔ በደም ግፊት ያዝኩ።

በማግስቱ ዘውዴን ደፍቼ ገባሁ። ፋርማሲስቷ ቀና ብላ አየችኝና «ማዘዣ ይዘዋል?» አለች።

ጨዋታውን ለማታውቁት፦ አንድ ቦታ ስትደርሱ ስልካችሁን አውጥታችሁ ቼክ ኢን ታደርጋላችሁ። ነጥብ ይሰጣችኋል፤ አንዳንዴም ባጅ ይለጥፍላችኋል። ወዳጆቻችሁ ደግሞ ቤታቸው ቁጭ ብለው የት እንዳላችሁ ያያሉ። ከንቲባነትን በዓለም ያስለመደው በ2009 የተጀመረው ፎርስኩዌር ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ቁጠሩልኝ)። ከመሥራቾቹ አንዱ ዴኒስ ክራውሊ ከዚያ በፊት ዶጅቦል የሚባል፣ በአጭር መልእክት የሚሠራ ተመሳሳይ ነገር ነበረው፤ በ2005 ለጉግል ሸጠው፣ ጉግልም በ2009 ዘጋው። የኔ አፕ የነዚህ የልጅ ልጅ ቢሆን ነው። ስሙን አልጠራም፤ ተሽሮ አማ እንዳልባል።

የፎርስኩዌር ሕግ የሚቆጥረው ያለፉትን 60 ቀናት ብቻ ነበር፤ በነዚያ ቀናት ውስጥ ብዙ ቀን የተገኘ ይነግሣል። የኔውም ይህንኑ ቀድቷል። እስቲ አስቡት፦ ሁለት ወር። አንድ ከንቲባ ታሞ ቢተኛ ወይ ዘመድ ሊጠይቅ ብቅ ብሎ ቢመለስ፣ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተደላድሎ ያገኛል። ይህን ሕግ ከስልክ አውጥቶ ወደ ምድር ማውረድ ይቻል እንደሆነ አንዳንድ ቀን አስባለሁ፤ ወዲያው ግን ዝም እላለሁ።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። እኔ ምን ልብላ? ክኒን? አሜሪካኖቹስ ቢያንስ ቀምሰዋል፤ በ2010 የቡና መሸጫው ስታርባክስ ለቅርንጫፎቹ ከንቲባዎች ከአንድ መጠጥ ላይ 1 ዶላር ይቀንስላቸው ነበር። ያም ቢሆን አልዘለቀም። በ2014 ቼክ ኢኑ ስዋርም ወደሚባል ሌላ አፕ ሲዛወር፣ ከንቲባነቱ ከወዳጅ ከጓደኛ ጋር ብቻ የሚፎካከሩበት ሆነና ሕዝበ ከንቲባ አኮረፈ። በ2015 የድሮውን መለሱላቸው። አኩርፎ ሥልጣኑን ያስመለሰ ሹም ሳውቅ ይኼ የመጀመሪያው ነው።

አፑን ስልኬ ላይ ስጭነው የተገባልኝ ቃል ግን ሹመት አልነበረም፤ «ከተማህን ፈትሽ፣ ያላየኸውን እይ» ነበር። አንድ ምሽት ወረፋ እየጠበቅኩ መዝገቤን ወደ ኋላ አገላበጥኩት። በአንድ ወር 47 ጊዜ ቼክ ኢን አድርጌያለሁ። ከነዚህ ውስጥ አዲስ ቦታ ሦስት ብቻ ሲሆን፣ አንዱ መንገድ ጠፍቶኝ የገባሁበት ግቢ ነው። ነገሩ ግልጽ ነው፦ ዘውድ የሚሰጠው አንድ ቦታ ለተመላለሰ እንጂ ለዞረ አይደለም። ዘዋሪ ባጁን ለጥፎ ይቀራል።

ዞሩም የተባሉት ቢሆኑ እንዴት እንደዞሩ እናውቃለን። በ2016 ሐምሌ ፖኬሞን ጎ የሚባለው፣ እየዞሩ ምናባዊ እንስሳት የሚያድኑበት የስልክ ጨዋታ ሲወጣ፣ በጨዋታው ውስጥ ያለ እንቁላል ለማስፈልፈል 2፣ 5 ወይም 10 ኪሎ ሜትር በእግር መሄድ ግድ ነበር። በመኪና እንዳይሸወድም ፍጥነት ይቆጣጠራል። የሰው ልጅ ምን አደረገ? ስልኩን ውሻው አንገት ላይ አሰረ። ውሻ የሌለው የጣሪያ ማራገቢያ ላይ ሰቀለ። እንቁላሉ ተፈለፈለ፣ ባለቤቱ ሶፋው ላይ ነው፤ ከተማውን ዞሮ ያየው ውሻው ነው።

ከዚህ ሁሉ ወገን የማከብረው የመጀመሪያውን ነው። በግንቦት 2000 መጀመሪያ ላይ የአሜሪካ መንግሥት ሆን ብሎ ሲያደበዝዘው የኖረውን፣ ቦታን በሳተላይት የሚጠቁመውን የጂፒኤስ ምልክት ለሁሉም ሰው አጠራው። በማግስቱ ዴቭ ኡልመር የሚባል ሰው ኦሬገን ጫካ ውስጥ አንድ ባልዲ ሸሽጎ አቅጣጫውን ኢንተርኔት ላይ አወጣ። ባልዲው ውስጥ ከነበሩት ነገሮች አንዱ የባቄላ ቆርቆሮ ነው። ጂኦካሺንግ የሚባለው ጨዋታ ከዚያ ተነሣ። ሰውዬው ዘውድ አላለ፣ ከንቲባ አላለ፤ ሄደህ ስትደርስ ግን የምትነካው ባልዲ አለ።

እኔ ስደርስ ያለው ጣጣ ነው። ስልክ በጠራ ሰማይ ሥር ያለበትን ቦታ የሚስተው በጥቂት ሜትር ነው፤ ረጃጅም ሕንፃዎች መካከል ሲገባ ግን ምልክቱ ከግድግዳ ግድግዳ እየነጠረ ይወላገዳል። አንድ ቀን ካፌ ተቀምጬ ቁልፏን ብጫን፣ አጠገቡ ያለው የሬሳ ሣጥን መሸጫ ውስጥ መዘገበኝ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አክስቴ ደወለች።

«ማን ሞተብን?»

«ኧረ ማንም አልሞተ፣ እታለም።»

«ታዲያ ለማን ልትገዛ ገባህ?»

«ካፌ ነኝ እኮ! ስልኩ ነው የተሳሳተው።»

ትንሽ ዝም አለች። «እኔን ደብቀኸኝ ነው» አለችና ማልቀስ ጀመረች። ማታ እናቴ ጋ ሰው ተሰብስቦ ደረስኩ። በሕይወት መኖሬን ለአሥራ አንድ ሰው በየተራ አስረዳሁ። የሚገርመው ለዚያ ቼክ ኢን ነጥብ አግኝቻለሁ፤ አዲስ ቦታ ነዋ።

እዚህ ነኝ ማለት እዚያ የለሁም ማለት መሆኑን ደግሞ ሌባ ከኛ ቀድሞ ያውቀዋል። በ2010 ሦስት ወጣቶች ስሙ «እባክህ ዝረፈኝ» የሆነ ድረ ገጽ ከፍተው፣ ሰዎች በገዛ እጃቸው በአደባባይ የለጠፉትን ቼክ ኢን «ባዶ ቤቶች» ብለው መደርደር ጀመሩ። ሊያስጠነቅቁ ነው እንጂ ሊዘርፉ አልነበረም።

ወደ ሽረቴ ልመለስ። ገልባጬ «ንስሩ» ይባላል፤ በፎቶው ላይ ጥቁር መነጽር አድርጓል። ማታ ራት ላይ ሳለሁ ነው ስልኬ የነዘረው፦ «ንስሩ ከሥልጣንዎ አንሥቶዎታል!» ቃለ አጋኖው ነው ያንገበገበኝ። ካፖርቴን ደረብኩ። ባለቤቴ «በዚህ ዝናብ ወዴት ነው?» ስትል «መድኃኒት ቤት» አልኳት፤ ውሸት አልነበረም። ደርሼ ሳየው ተዘግቷል። ከበሩ ፊት ቆሜ ስልኬን ወደ ሰማይ፣ ወደ ግራ፣ ወደ በሩ እያዞርኩ ምልክት ስፈልግ ጥበቃው ባትሪውን አበራብኝ።

«ጌታዬ፣ ተዘግቷል።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ፈልገው ነው?»

ቢያስቡት መልስ የለውም። «ቆሜ ልሂድ ብዬ ነው» አልኩት። እስክሄድ ድረስ ባትሪውን ከፊቴ ላይ አላነሣም።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ከሥራ ስመለስ ገባ እያልኩ፣ ሚዛኑ ላይ ወጥቼ (ለሽፋን ነው)፣ ቁልፏን ተጭኜ እወጣለሁ። ባለፈው ዓርብ ሚዛኑ ላይ እንደቆምኩ አንድ ነጠላ ጫማ ያደረገ፣ ጎበጥ ያለ ጎልማሳ ገባ። መደርደሪያውን አላየም፣ ወረፋ አልያዘም። ስልኩን አውጥቶ እንደ እኔው ወደ ጣሪያው አነሣው። ጥቁሩ መነጽር ኪሱ ውስጥ ነበር።

ሁለታችንም ስልካችንን እንዳነሣን ተያየን። ፋርማሲስቷ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሁለታችሁም በየቀኑ ትመጣላችሁ፣ ምንም አትገዙም። ምንድን ነው የሚያማችሁ?»

ንስሩ እኔን አየ። እኔ የሚዛኑን ቁጥር አየሁ።

«ጥጥ» አልኩ።

«ለኔም» አለ።