ዘፈን ስትልኩ የራሳችሁን ስንኝ ጨምሩበት

ማታ ከፍቅረኛችሁ አንድ ዘፈን በቴሌግራም ይመጣል። ግማሹን ትሰማላችሁ፣ ልብ ትልካላችሁ፣ ወደ ሌላ ቻት ታልፋላችሁ። ብዙዎቻችን ሙዚቃ መጋራት የምንለው ይህንን ነው። ለእኔ ይህ መጋራት አይደለም። ለወሎ ልጅ ደግሞ ጭራሽ አይመጥነውም።

ከአራቱ ዋና ዋና የአገራችን ሙዚቃ ቅኝቶች (የዜማ ስልቶች) ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ አገር ስም የያዙ ናቸው። ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስትጫወት ሰምቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው ካለ እስካሁን አላገኘሁትም። ግን እኔን ከቅኝቱ በላይ የሚገርመኝ አሰማማችን ነው።

ማሲንቆ የሚመታበት ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል። አዝማሪው ዜማውን ይዞ ይመጣል፤ ግጥሙን ግን ሁልጊዜ ብቻውን አይጨርሰውም። ከተቀመጡት አንዱ እጁን ያነሳና «ተቀበል!» ይላል። ስንኙን ይሰጣል። አዝማሪው ጭራውን እየገዘገዘ ይቀበለዋል፣ አንዱን ቃል ይስበዋል፣ ሌላውን ቆረጥ ያደርገዋል። ሰጪው ድምፅ ላይኖረው ይችላል። ቃሉ ግን የራሱ ነው። የታሰበላት ልጅ ጥግ ላይ ካለች፣ ቤቱ በሙሉ ሲያጨበጭብ እሷ አንገቷን ደፍታ ፈገግ ትላለች። እኔ ብሆን ለምሳሌ የደሴውን ተራራ ጦሳን ይዤ እንዲህ ብዬ እሰጥ ነበር፦

የጦሳ ደመና ወዴት ነው ሐሳቡ፣
ቢሄድም ቢመጣም ደሴ ላይ ነው ቀልቡ።

ትልቅ ግጥም አይደለም። ለአንዲት ደሴ ላለች ልጅ ግን ከማንም ዘፋኝ አልበም ይበልጣል።

በካሴት ዘመንም ቢሆን ድካም ነበረው። ባዶ ካሴት ተገዝቶ፣ ዘፈኑ አንድ በአንድ ተመርጦ፣ ሙዚቃ ቤት ይቀዳ ነበር። የትኛው ይቅደም፣ የትኛው ይከተል ተብሎ ይታሰብበታል። ዛሬ መላኩ ቀሏል። ይህን አልጠላም። እንዲያውም ፍቅረኛው ጅዳ ወይም ቤሩት ለሥራ የሄደችበት የኮምቦልቻ ልጅ ያለ ኢሞና ያለ ቴሌግራም ምን ይውጠው ነበር? እሷ የሰው ቤት ሥራ ጨርሳ ጎኗን የምታሳርፈው ውድቅት ላይ ነው። ያኔ ዘፈኑ ብቻውን ቢደርሳት ናፍቆት ይጨምርባታል። ከሥሩ በድምፁ «ይቺን ዛሬ ታክሲ ውስጥ ሰማኋት፣ ሁለተኛዋ ስንኝ ላይ አንቺ ትዝ አልሽኝ» ቢላት ግን የሱን ቀን አብራው ዋለች ማለት ነው። ሃያ ሰከንድ የማይሞላ ድምፅ ነው። እባካችሁ አትሰስቱ።

የተላከለትም ሰው ዕዳ አለበት። እስከ መጨረሻው ይስማ። ካልወደደውም «አልወደድኩትም፣ አንቺ ግን ምኑን ወደድሽው?» ይበል። ጣዕም አንድ ካልሆነ ፍቅር አይሆንም የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አልስማማም። ባቲ ሲመታ የሚነሳና ትዝታ ሲመጣ የሚተክዝ አንድ ቤት ውስጥ ደህና ይኖራሉ። መጠየቅ እስካልተዉ ድረስ።

ወሎ ውስጥ ደግሞ ሙስሊምና ክርስቲያን ተጋብቶ፣ ተዋልዶ ይኖራል። አንዱ በመንዙማ፣ ሌላው በመዝሙር ያደገ ነው። ረመዳን ወይም ዐቢይ ጾም ሲገባ ዘፈን የሚያቆም ብዙ ነው፤ ያኔ ጓደኛሞቹ የሚላላኩት ነገር ያጣሉ። ለእኔ ጥሩው ጊዜ ያ ነው። ሙስሊሟ ልጅ እናቷ ቤት የሚሰማውን መንዙማ ለክርስቲያኑ ፍቅረኛዋ ልካለት፣ ድቤው ሲነሳ አባቷ እንዴት እንደሚያጨበጭቡ ብትነግረው፣ ገና ያላያቸውን አማቱን አወቀ ማለት ነው። እሱም የልጅነት መዝሙሩን ይላክላት፤ ማን እንዳስተማረውም ይንገራት።