ታውማሎሎ ለቶንጋ የተሰለፈው ሕግ ጥሶ አይደለም

«የራግቢ ተጫዋቹ ጄሰን ታውማሎሎ ለኒውዚላንድ ከተጫወተ በኋላ ለቶንጋ መሰለፉ ሕገ ወጥ ነው፤ ቶንጋ እ.ኤ.አ. በ2017 የዓለም ዋንጫ ኒውዚላንድን ያሸነፈችበት ድልም መሰረዝ ነበረበት» የሚል አስተያየት ደጋግሜ አየሁ። በቅን ልብ የተጻፈ ይመስለኛል፤ ግን ስህተት ነው።

ግራ የሚያጋባው፣ መቼም ስማቸው አንድ ስለሆነ፣ የተለያየ ደንብ ያላቸው ሁለቱ የራግቢ ዓይነቶች፣ ዩኒየንና ሊግ፣ መቀላቀላቸው ይመስለኛል። በራግቢ ዩኒየን ለአንድ አገር ዋና ቡድን የተሰለፈ ሰው ለሌላ አገር መጫወት አይችልም ነበር፤ ከ2022 ወዲህ እንኳ ሦስት ዓመት መጠበቅ አለበት። ታውማሎሎ ግን የራግቢ ሊግ ፎርዋርድ (የፊት መስመር ተጫዋች) ነው። የሊጉ ደንብ በትውልድ ወይም በወላጅና በአያት የዘር ሐረግ ከአንድ በላይ አገር የሚገባው ተጫዋች፣ እንደ ኒውዚላንድ ካለ አንደኛ ደረጃ ቡድን እንደ ቶንጋ ወዳለ ሁለተኛ ደረጃ ቡድን እንዲዛወር ይፈቅዳል። እሱ ኦክላንድ ቢወለድም ወላጆቹ ቶንጋውያን ናቸው። ሌላው ተጫዋች አንድሩ ፊፊታም በዚያው የዓለም ዋንጫ አውስትራሊያን ትቶ ቶንጋን መርጧል።

ማጣራት ለሚፈልግ፣ የዓለም አቀፉን የራግቢ ሊግ ፌዴሬሽን የተጫዋቾች ብቁነት ደንብ ያንብብ። የ2017 የዓለም ዋንጫ መዝገብንም ይመልከት፦ ሐሚልተን ላይ ቶንጋ ኒውዚላንድን 28 ለ 22 አሸንፋለች፤ ውጤቱ ዛሬም እንደዚያው ነው። ውሳኔውን አለመውደድ ይቻላል፤ በኒውዚላንድም ያልወደዱት ነበሩ። «አጭበርባሪ» ማለት ግን ሰውየውንም ያንን ድል ያገኘውን ቡድንም ያለ ጥፋታቸው መወንጀል ነው።