ለክቡር የመሪ መቆለፊያ፣ ካሉበት

ጉዳዩ፦ መሪ አስረው መያዝዎን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እኛ፣ እርስዎ ከፈቀዱልን፣ ደህና ነን። ይህን የምጽፈው አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ፣ ከገዛ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። የትም ስለማልሄድ ጊዜ ሞልቶኛል። ቁልፉ ገብቷል፣ አይዞርም። መሪው ትንሽ ነቅነቅ ይልና ቀጭ ብሎ ይቆማል። ከኋላዬ ያለው ባጃጅ ክላክሱ ላይ እጁን ጭኖ ረስቶታል።

የሥራ ልምድዎ የሚናቅ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በፈረንጆቹ 1969 ጄኔራል ሞተርስ በአብዛኞቹ መኪኖቹ ላይ የማስነሻ ቁልፉን ከዳሽቦርድ ወደ መሪው ዘንግ ሲያዛውረው እርስዎም አብረው ተሾሙ፤ ሌባ ሽቦ አገናኝቶ ሞተሩን ቢያስነሳ እንኳ መሪው እንዳይታዘዘው። ደግ ሹመት ነው። ግን በሞቴ፣ ይቺን አሮጌ መኪና ልሰርቅ የመጣሁ መሰልኩዎት? ሊብሬው ኪሴ ውስጥ ነው። ሌባው እኮ ባለፈው መጥቶ ሁለቱንም ስፖኪዮ ነቅሎ ሄደ። ያኔ የት ነበሩ?

አማካሪዎችም ያስከትሉብኛል። አንዱ «ጠንከር አድርገህ አዙረው» ይላል፣ ሌላው ፒንሳ ይዞ ይመጣል። ፒንሳ ክቡርነትዎን አያስጨንቅም፤ ቁልፉ ቀዳዳው ውስጥ ይሰበርና ጣጣው የእኔ ይሆናል፦ ጋራዥ፣ ከጋራዥ መለዋወጫ ሱቅ፣ ከዚያ «ኦርጅናሉ የለም፣ ሌላ ላሳይህ»። ሦስተኛው ግን ይብሳል። የሞተር ዘይት ጠብ አድርግበት አለኝ። በአዳማ! ከተራራው ላይ የ51 እና የ153 ሜጋ ዋት የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች የቆሙት ለጌጥ መስሎት ይሆን? ያ ነፋስ ወደ ከተማ ሲወርድ ባዶ እጁን አይመጣም፣ አቧራውን አስከትሎ ነው። ዘይት የጠጣ ቀዳዳ ደግሞ አቧራ ይሰበስባል፤ በቁልፉ ጥርስ ልክ ከፍ ዝቅ የሚሉት ስስ ብረቶች ጭቃ ውስጥ ይቀራሉ። ለእርስዎ የሚስማማው ደረቅ የግራፋይት ዱቄት ነበር፤ እሱን የያዘ አማካሪ ግን እስካሁን አልመጣም።

ጠባይዎን ግን ደርሼበታለሁ። ቁልፍ ሲነቀልና መሪው ትንሽ ዞር ሲል፣ አንዲት አጭር ብረት መሪው ዘንግ ላይ ካለው ቦይ ውስጥ ትገባለች። ጎማው ተጣሞ የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ተደግፎ ከቆመ፣ ዘንጉ ያቺን ብረት ወደ ጎን ይጫናታል፤ የተጫነች ብረት ደግሞ ቁልፍ ቢጎትታትም አትወጣም። ሰው ግን ይህን ሳያይ ቁልፉን ይታገላል። የሚሻለው እርስዎን ማባበል ነው፦ መሪውን ወደሚላላው ወገን በስሱ ገፋ ማድረግ፣ በዚያው ቅጽበት ቁልፉን በሁለት ጣት ማዞር። እምቢ ካሉ በሌላው ወገን መሞከር።

እውነት ለመናገር ጥፋቱ ሁሉ የእርስዎ አይደለም። ቁልፉ ከነመኪናው የተረከብኩት የቅጂ ቅጂ ነው፤ ጥርሱ አልቆ የአራስ ልጅ ድድ መስሏል። እንዲህ ያለ ቁልፍ ስሶቹን ብረቶች በልካቸው ስለማያነሳቸው፣ እርስዎ ሊለቁ ቢፈልጉ እንኳ ቀዳዳው አይፈቅድም። ኦቶማቲክ መኪና ውስጥ የተቀጠሩት ዘመድዎ እንኳ ግልጽ ናቸው፤ ካምቢዮው ፒ (የማቆሚያው ቦታ) ላይ ካልደረሰ ቁልፍ አልሰጥም ይላሉ። በአንዳንዱ መኪና ባትሪ ካለቀ ቁልፉን እንደያዙ ቢቀሩም፣ ቢያንስ ምክንያታቸው ይታወቃል።

ስለሆነም ያሰሩትን መሪ፣ ዋስ ካስፈለገ ሊብሬዬን ይዘው፣ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እንዲለቁልኝ በትህትና እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለመንገዱ ጠርዝ፣
ጥርሱ ላለቀው ቁልፍ፣
ለፒንሳው ባለቤት (ከነፒንሳው ወደ ቤቱ እንዲመለስ)