አገር እየጠራችሁ አትማሉ

የባሕር ዳር ሰዎች፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ዛሬ የምናገረው ደስ አይላችሁ ይሆናል። በጣና ዳር ቡና ቤቶች፣ በባጃጅ ውስጥ፣ በለቅሶ ድንኳን ሥር ሳይቀር ስለ መንግሥት ስንከራከር አንድ ክፉ ልማድ አምጥተናል። ክርክሩ ሲጠነክርብን አገር እንጠራለን። «ሲንጋፖርን አታይም?» ይላል አንዱ። «ሩዋንዳን ተመልከታ!» ይላል ሌላው። በጊዮርጊስ እንደሚምል ሰው በስዊዘርላንድ ይምላል፤ ከማለ በኋላ ማን ደፍሮ ይጠይቀዋል? የአገሩ ስም ከተጠራ ነገሩ አለቀ።

ይህን ማነጻጸር ትሉታላችሁ። አይደለም።

ፌዴራሊዝምን የሚወደው ስዊዘርላንድን ይጠራል፣ የሚጠላው ዩጎዝላቪያን። ሁለቱም ፌዴሬሽን ነበሩ። አንዱ ጸና፤ ሌላው እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1992 ተበተነ። ታዲያ ፌዴሬሽን መሆን ብቻውን መጽናቱንም መበተኑንም ሊያስረዳ አይችልም፤ ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው ያለው። እስቲ የምትምሉበትን አገር ገባ ብላችሁ እዩት። ስዊዘርላንድ ካንቶን የሚባሉ፣ ራሳቸውን የሚያስተዳድሩ 26 ክልሎች አሏት። 17ቱ ጀርመንኛ፣ 4ቱ ፈረንሳይኛ፣ 1ዱ ጣሊያንኛ ተናጋሪ ናቸው፤ 3ቱ ሁለት ቋንቋ፣ 1ዱ ደግሞ ሦስት ቋንቋ ይሠሩበታል። ጀርመንኛ ተናጋሪው ሕዝብ አንድ ትልቅ ክልል የለውም፤ ብዙ ቦታ ተከፋፍሎ ነው የሚተዳደረው። የካቶሊክና የፕሮቴስታንት ልዩነቱም የቋንቋውን ወሰን አቋርጦ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1847 እርስ በርስ ሲዋጉ የተሰለፉት በቋንቋ አልነበረም። ጦርነቱ አንድ ወር እንኳ አልሞላም፤ የሞተው ሰው መቶ ገደማ ነው። የፌዴራሉን ጦር የመራው ጄኔራል ዱፉር ለጠላት ቁስለኞች እንዲራሩ ወታደሮቹን አዝዞ ነበር። በዓመቱ ሕገ መንግሥቱን አወጡ።

የዩራን ነገር ደግሞ ልጨምርላችሁ። ይህ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ አካባቢ ከበርን ካንቶን ተነጥሎ እ.ኤ.አ. በ1979 ራሱን የቻለ ካንቶን ሆነ። ደቡባዊው ክፍል ግን ቋንቋው ፈረንሳይኛ ሆኖ ሳለ በብዛት ፕሮቴስታንት ነበርና ድምፅ ሲሰጥ ከበርን ጋር መቆየትን መረጠ። ይህ ታሪክ «ቋንቋ ሁሉን ይወስናል» የሚለውን አያስደስትም። «መነጠል የተባለ ሁሉ አገር ያፈርሳል» የሚለውንም አያስደስትም። ለዚህም ይመስለኛል ከሁለቱም ወገን ማንም ሲያነሳው ሰምቼ የማላውቀው።

«ያለ ጠንካራ እጅ ዕድገት የለም፤ ደቡብ ኮሪያን፣ ታይዋንን እዩ» የምትሉም አላችሁ። በፈረንጅ ምሁራን ዘንድም ተቀራራቢ ሐሳብ ገኖ ነበር፤ መንግሥት ሠራተኛውን አፍኖ ከያዘ አገር ያድጋል የሚል። ባርባራ ጌዲስ የተባለች አሜሪካዊት የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመችው ጽሑፍ ያደረገችው ቀላል ነገር ነው፤ የተሳካላቸውን ጥቂት አገሮች ትታ በማደግ ላይ ያሉትን በብዛት ሰብስባ አየች። ሠራተኛን አፍኖ መያዝ ዕድገት ያመጣል የተባለው ዝምድና ጠፋ። ሠራተኛውን ረግጠው ደኻ እንደሆኑ የቀሩት አገሮች መጀመሪያውኑ አልተቆጠሩም ነበርና። ጠንካራ እጅ ከሆነማ ደርግም 17 ዓመት ነበረው፤ ታይዋንን መቼ ሆንን?

ከሁሉም የሚከብደኝ ግን «እነሱ ተፈጥሯቸው ነው» የምትሉት ነገር ነው። ቼዋና ቱምቡካ የተባሉ ሁለት ሕዝቦች በማላዊና በዛምቢያ ድንበር ግራና ቀኝ ይኖራሉ። መስመሩ የተሰመረው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው፤ ያሰመረው የእንግሊዞቹ ኩባንያ ለአስተዳደር እንዲመቸው እንጂ ማን የት እንደሚኖር አስቦ አልነበረም። ቋንቋቸውም ወጋቸውም ከመስመሩ ወዲህም ወዲያም አንድ ነው። ዳንኤል ፖስነር የተባለ ተመራማሪ በድንበሩ ግራና ቀኝ ተቀራርበው ያሉ መንደሮችን መርጦ ሰዎቹን ጠየቃቸው፦ ከሌላው ወገን ለሆነ ዕጩ ድምፅ ትሰጣለህ ወይ? ከእነሱ ታገባለህ ወይ? እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተመው ውጤት እንዲህ ነው፦ በማላዊ በኩል ያሉት እንደ ባላንጣ ይተያያሉ፣ በዛምቢያ በኩል ያሉት እንደ ወዳጅ። ምክንያቱን የፈለገው ከባህላቸው ሳይሆን ከብዛታቸው ነው። በማላዊ ሁለቱም ከአገሩ ሕዝብ አንጻር ብዙ ስለሆኑ ፖለቲከኛ ሥልጣን ለመያዝ ሊያሰልፋቸው ይችላል። በሰፊዋ ዛምቢያ ግን ሁለቱም ትንንሽ ናቸው፤ ለብቻ አያዋጣምና «የምሥራቅ ሰዎች» ተብለው አብረው ይቆማሉ። ጠቡ በደማቸው ያለ ቢሆን ኖሮ ኩባንያ ያሰመረው መስመር ባልለወጠው። ይህን እያወቃችሁ ስለ ጎረቤታችሁ «ተፈጥሯቸው ነው» ካላችሁ ያሰለፏችሁን ሰዎች ሥራ በነጻ እየሠራችሁላቸው ነው።

በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው የጣና ፎረም የአፍሪካ መሪዎችንና ተመራማሪዎችን እዚህ ሐይቅ ዳር ሰብስቦ ስለ ጸጥታና ስለ መንግሥት ሲያማክር፣ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው መንገድ መዘጋቱን ነው። ይሁን። ተማሪ መጠይቅ ይዞ ደጃችን ሲመጣ የምናደርገው ግን ከዚያ ይብሳል። ወረቀቱን አይታችሁት ታውቁ ይሆናል፦ ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» አምስት ሣጥን፣ በግራ በኩል ሠላሳ ምናምን ዓረፍተ ነገር። ሰውየው ማኪያቶውን አስቀምጦ እስክሪብቶውን ይቀበልና ከመጀመሪያው ሣጥን እስከ ታች ድረስ ሳያነብ ✓ ✓ ✓ ያወርደዋል። «አስተዳደሩ ፍትሐዊ ነው» ለሚለውም «አስተዳደሩ በሙስና የተዘፈቀ ነው» ለሚለውም በጣም ይስማማል። ሌላው ደግሞ «አንተው ሙላው» ይለዋል፤ እንደ ደግነትም ይቆጥረዋል።

የዚህን ዋጋ አንድ ጊዜ አይተናል። በአፍሪካ አገሮች የሕዝብ አስተያየት እየጠየቀ የሚያጠናው አፍሮባሮሜትር እ.ኤ.አ. በ2013 በአገራችን ባደረገው ጥናት፣ ኢትዮጵያውያን አገራችን ምን ያህል ዴሞክራሲያዊ ናት ተብለው ሲጠየቁ በአፍሪካ ከፍተኛውን ነጥብ ከሰጡት መካከል ሆኑ። በ2007 ዓ.ም. ምርጫ ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤቱን ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ ጠቅልለው ያዙት። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ግራ ገብቷቸው፣ መልሱ የመጣው ከፍርሃት ነው፣ ካለማወቅ ነው፣ ወይስ ዴሞክራሲን በሌላ መልክ ከመረዳት? ብለው ጠየቁ። ፍርሃቱን አልነቅፍም፤ በዚህ ዘመን ለማያውቁት ሰው አፍ መክፈት ምን እንደሚያስከትል ሁላችንም እናውቃለን። የፈራ ሰው «አልመልስም» ይበል። ባዶ የተተወ ሣጥን ራሱ መልስ ነው፤ ተመራማሪ ይቆጥረዋል። ሳያነቡ በተሞላ ወረቀት ግን ማንም ምንም ሊያደርግ አይችልም።

እናንተ ተማሪዎችም ብትሆኑ ከዚህ አትወጡም። በየፎቶ ኮፒ ቤቱ በር «የመመረቂያ ጽሑፍ እናማክራለን» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ እናማክራለን ማለት ምን ማለት እንደሆነ አንጃጃል። የጥናቱ ዘዴ የሚጻፍበት ምዕራፍ ሦስት ከሰው ተገልብጦ የከተማ ስም ብቻ ይቀየርበታል። ራሱ የጻፈውንም «ለምን ባሕር ዳርን መረጥህ?» ብትሉት «ስለሚቀርበኝ» ነው የሚላችሁ።

መቅረቡ ጥሩ ነው፤ አንድ ከተማ ብቻውን ግን ምን ሊነግርህ? ሐዋሳን አጠገቡ አስቀምጠው። ሐዋሳም ሐይቅ ዳር ናት፣ የክልል መቀመጫ ናት፣ ዩኒቨርሲቲና የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። ይህን ያህል የሚመሳሰሉ ሁለት ከተሞች ማግኘት ለተመራማሪ ሲሳይ ነው። በዚያ ላይ ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ክልል ሲሆን የሐዋሳ የበላይ አስተዳደር ተለወጠ፣ ሐይቁ ግን ያው ሐይቅ ነው። እኛ ሁልጊዜ የምናጉረመርምበትን ጥያቄ፣ የሐይቁን ዳርቻ ማን አጠረው፣ ማን ፈቀደለት፣ እግረኛው በየት በኩል ይውረድ የሚለውን፣ በሁለቱ ከተሞች ከለውጡ በፊትና በኋላ አስተያይቶ መሥራት ይቻላል።

ይህን ልሥራ የሚል ልጅ ሲመጣ ግን፣ እናንተ በየመዝገብ ቤቱ የተቀመጣችሁ ወገኖቼ፣ «ደብዳቤ አምጣ» ትሉታላችሁ። ደብዳቤውን ሲያመጣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»። ሲመለስ «መዝገቡ የተቆለፈበት ቁልፍ እሳቸው ጋ ነው»። የሊዝ ጨረታ ውጤት እኮ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ አላፊ አግዳሚው ያነበበው ወረቀት ነው። ተማሪ ሲጠይቅ ከመቼ ወዲህ ምስጢር ሆነ?