አርባ ዓመት በአንድ ወንበር

ሚኒያፖሊስ፣ ሴዳር ሪቨርሳይድ ሠፈር ለሚኖር አበሻ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የበረዶ ሆኪ አዳራሽ ቅርቡ ነው። አርብ ማታ ወደዚያ ከሚጎርፈው ሕዝብ መሃል የእኛን ሰው ማየት ግን ብርቅ ነው። ውጭ የሚበቃን ብርድ እያለ ገንዘብ ከፍሎ ሌላ ብርድ ውስጥ መግባት አይዋጥልንም። የሚያስቀናው ጨዋታው ሳይሆን አሰልጣኙ ወንበሩ ላይ የሚቆይበት ዘመን ነው።

ጃክ ፓርከር ቦስተን ዩኒቨርሲቲን እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 2013 አሰለጠነ። ጎረቤቱ ቦስተን ኮሌጅ ጄሪ ዮርክን የቀጠረው በ1994 ነው፤ ሰውየው እዚያ የመጀመሪያውን ዋንጫ ያነሳው በሰባተኛው የውድድር ዓመት ነበር። ከዚያ በፊት በ1998 እና በ2000 ፍጻሜ ደርሶ ተሸንፏል። ኮሌጁ አላሰናበተውም። በ2022 ጡረታ ሲወጣ በ3 ኮሌጆች 1,123 ድልና 5 የአገር ዋንጫ ነበረው። እኛ ዘንድ አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ብሔራዊ ቡድናችንን ከ31 ዓመት በኋላ ለ2013ቱ የአፍሪካ ዋንጫ አበቁ፤ በ2014 መጀመሪያ ተሰናበቱ።

የአሜሪካኖቹ ትዕግሥት ከደግነት የመጣ አይደለም፣ ሥራው ራሱ ያስገድዳል። ለምልመላ ልጁ የሚታየው በ15 እና በ16 ዓመቱ ነው፤ ኮሌጅ የሚገባው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ18 እስከ 20 ዓመቱ ባለው ጊዜ። ዛሬ የተመረጠ ልጅ ፍሬው የሚታየው ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ነው። በሁለተኛው ዓመት አሰልጣኝ የሚያባርር ኮሌጅ ሌላው የዘራውን ሌላው እንዲያጭድ ያደርጋል። ምልመላውን በአብዛኛው የሚሸከመው ምክትሉ ነው፤ ሳምንቱን ከአንዱ ከተማ አዳራሽ ወደ ሌላው እየነዳ ያልፋል። ዋና አሰልጣኝ ለመሆንም መንገዱ ያው ነው፦ መጀመሪያ ረዳት፣ ቀጥሎ ምክትል፣ ከዚያ ትንሽ ኮሌጅ ላይ ዋና።

ሒሳቡም ቀላል አይደለም። ለብዙ ዓመታት አንድ ኮሌጅ የነበረው 18 ሙሉ ስኮላርሺፕ ሲሆን ተጫዋቹ 26 ያህል ነበር። ለአንዱ ግማሽ፣ ለሌላው ሩብ እየሸነሸኑ ማካፈል ነበረባቸው። ለአንድ አጥቂ ሙሉውን የሰጠ አሰልጣኝ ተከላካይ ሲፈልግ እጁ ባዶ ይሆናል።

ጨዋታው ላይ ደግሞ የአሰልጣኙ ችሎታ የሚታየው በቅያሬ ነው። አንድ ተጫዋች በረዶው ላይ በአንድ ጊዜ የሚቆየው 40 ሰከንድ አካባቢ ነው፤ ከዚያ ካለፈ እግሩ ይከብዳል። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ቡድኖቹ የሚከላከሉትን ጎል ሲቀያየሩ የራሳቸው ጎል ከተጠባባቂ ወንበራቸው ይርቃል። የደከመ ተከላካይ ፓኩን፣ ማለትም በዱላ የሚመታውን ጠፍጣፋ ጎማ፣ ከራሱ ክልል ካላወጣ መውጣት አይችልም፤ ተቀያሪውም መንገዱ ይረዝምበታል። ያልተማረ ቡድን ጎል የሚቆጠርበት እዚህ ላይ ነው። ቸኩሎ አንድ ሰው አስቀድሞ ካስገባ ደግሞ የ2 ደቂቃ ቅጣት ይከተላል። ስለዚህ ልምምድ ላይ ደጋግመው የሚያስተምሩት አንድ ነገር አለ፦ መጀመሪያ ፓኩን ወደ ተቃራኒው ጥግ ስደድ፣ ከዚያ ውጣ።

እውነቱን ለመናገር እነሱም ወደ እኛ እየቀረቡ ነው። ተጫዋች አሁን በየጸደዩ ኮሌጅ መቀየር ይችላል፤ አሰልጣኙም ቡድኑን በየዓመቱ እንደ አዲስ ይገጣጥማል።

እኛ ዘንድ ለዚህ ሥራ የሚቀርበው የእግር ኳሱ ሳይሆን የበቆጂው ስንታየሁ እሸቱ ነው። መምህር ነበሩ፤ ደራርቱን፣ ቀነኒሳን፣ ጥሩነሽን በልጅነታቸው አሠልጥነዋል። ልጁ ሲበስል ግን አዲስ አበባ ያለ ክለብ ይወስደዋል፤ የቦስተኑ አሰልጣኝ እስከ አራት ዓመት ይይዘዋል፣ የበቆጂው ይሸኘዋል።