ጋሼ አልዋሹም

ባለፈው ሳምንት አንድ ኤፍኤም ላይ አንድ አዛውንት ደውለው «አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲሮጥ በቴሌቪዥን ቀጥታ አይቼዋለሁ» አሉ። አቅራቢው ወዲያው አረማቸው፣ ሩጫው 1952 ነው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተጀመረው ደሞ 1957 ነው አላቸው፣ እዚህ ድረስ ልክ ነው። ሰውዬው «ኧረ አይቻለሁ ልጄ» ብለው ድርቅ ሲሉ ግን «ማስረጃ ተነግሮት የማያምን ወይ ውሸታም ነው ወይ ግትር» ብሎ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘጋው። ደሜ ነው የፈላው!

ማስረጃ የሰማ ሁሉ ትዝታው ይታረማል ያለው ማነው? ቻሌንጀር መንኮራኩር በ1986 እ.ኤ.አ. ስትፈነዳ ኡልሪክ ናይሰር የሚባል የሳይኮሎጂ ፕሮፌሰር አሜሪካ ውስጥ ተማሪዎችን በማግስቱ ዜናውን የት ሆነው እንደሰሙ አጻፋቸው፣ ከሁለት አመት ተኩል በኋላ መልሶ ሲጠይቃቸው ከ44ቱ 11ዱ ዋና ዋናውን ነገር አንዱንም አላገኙትም። የገዛ እጅ ጽሑፋቸውን ሲያሳያቸውስ? የድሮው ትዝታ ለአንዳቸውም አልተመለሰም። እነዚህም ውሸታም ናቸው?

የኔም አጎት እንደዚሁ «አበበን በቴሌቪዥን ቀጥታ አይቼዋለሁ» ባይ ናቸው። ጋሼን ሃያ ጊዜ ነግረናቸዋል። «የችቦው ጭስ አይኔን ሲያቃጥለኝ ትዝ ይለኛል» ነው የሚሉት። ቴሌቪዥን ይጨሳል እንዴ? አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ቀኑን አሰላሁት። የሮሙ ማራቶን ጳጉሜን 5 ማታ ነው፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ! እዚያ ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን ያበሩለታል፣ እዚህ ጋሼ የስምንት አመት ልጅ ሆነው ደጃፋቸው ላይ ችቦ ይዘው እየዞሩ ነው። በኋላ ፊልሙን ሲያዩ ያ ችቦና ይሄ ችቦ አንድ ሆነ፣ በዚህ እኔ ቅንጣት አልጠራጠርም። ጭሱ እውነት ነው፣ ልጅነቱ እውነት ነው፣ ደስታው እውነት ነው፣ የተሳሳተው ከየት እንደመጣ የሚለው ብቻ ነው። አራሚው መጥቶ «ቴሌቪዥን አልነበረም» ሲል ያቺን አንዷን ቃል ነው የሚነቅለው፣ ጭሱን ምን ሊያደርገው ነው? በቦታውም ምንም አይተካም፣ ስለዚህ ጋሼ በበነጋው ቡና ላይ ሲያወሩት ቴሌቪዥኑ ተመልሶ ቦታው ቁጭ!

በቃ «ያን ቀን ማታ እርስዎ የት ነበሩ አባቴ?» ብሎ መጠየቅ ይሄን ያህል ከበደው? አቅራቢው የደወሉለት ቁጥር እጁ ላይ አለ። ይደውልላቸውና አየር ላይ ይቅርታ ይጠይቃቸው።