ወንድሜን ባዳ ላደረገው ቅጽ

ለክቡር የዓለም አቀፍ አገልግሎት ግብይት መጠይቅ፤ ባሉበት።

ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ እንቅልፍ ከማጣቴ በቀር ደህና ነኝ።

እንደሚያውቁት ሜሪላንድ ውስጥ አራት ጠረጴዛ ያላት ምግብ ቤት አለችኝ። ባለፈው ሳምንት ከአሜሪካ መንግሥት ተልከው ከመብራት ሒሳቡ ጋር ደረሱኝ። ከውጭ አገር ሰው አገልግሎት ገዝተህ እንደሆነ ተናገር ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ ሕግ ያስገድዳል፣ ዝም ያለ ይቀጣል። የሚመጡት በየ5 ዓመቱ ብቻ ነው፤ እግዜር ይስጥልን።

ታዲያ እኔ ፈሪ ነኝ። አዲስ አበባ ያለው ታናሽ ወንድሜ ሜኑዬን ዲዛይን አድርጎልኝ 450 ዶላር ልኬለታለሁ። እርስዎ ላይ በታተመው ቁጥር ስልክ መታሁ። ሃያ ደቂቃ ሙዚቃ ካዳመጥኩ በኋላ አንዲት ትሑት ሴት አነሳች።

«የከፈሉት ሰው ተዛማጅ ነው?»

«እንዴታ! ያንድ እናት ያንድ አባት ልጅ ነው።»

«እሱን ማለቴ አይደለም። በእሱ ድርጅት ውስጥ ቢያንስ 10 በመቶ የድምፅ ድርሻ አለዎት?»

አሰብኩ። ልጁን አዝዬ አሳድጌዋለሁ። የኮሌጁን ክፍያ ሌሊት ታክሲ እየነዳሁ ከፍያለሁ። ድምፅ ከተባለ ግን እማማ የምትሰማው እሱን ብቻ ነው።

«የለኝም» አልኳት።

«እንግዲያው ዝምድና የሌለው የውጭ ሰው በሚለው ሥር ያስገቡት።»

ስንት የርስት ክርክር ያልለየንን ወንድማማቾች እርስዎ በአንዲት ሣጥን ባዳ አደረጉን።

የገንዘቡ ሣጥን ባሰ። ቢሊዮን፣ ሚሊዮን፣ ሺህ ይላል። መጨረሻ ላይ ሦስት ዜሮ ታትሞ ተቀምጧል። «450ዋን የት ልክተታት?» አልኩ። «ከ500 በታች ከሆነ 0 ብለው ይጻፉ» አለችኝ። ጻፍኩ። ከታተሙት ጋር አራት ዜሮ ሆነች።

አሁን አንቱታው ይቅር። ስማ፣ አንተ ወረቀት! ያ ልጅ መብራት በጠፋ ቁጥር ላፕቶፑን ታቅፎ ጄኔሬተር ያለው ካፌ ፍለጋ ይዞራል። የኔ ቀን የሱ ሌሊት ነው፤ ለክትፎዋ ፎቶ ብቻ አራት ጊዜ ከእንቅልፉ ቀስቅሼዋለሁ። ይሄ ነው ዜሮ? ዜሮ ከሆነስ ሕግ ጠቅሰህ፣ ቅጣት ጠርተህ ለምን አስደነገጥከኝ? ዜሮ ለመሰብሰብ ነው?

ደግሞ የናንተ ሰዎች ስሌት ጉድ ነው። ከአዲስ አበባ መጥቶ እዚህ ሦስት ዓመት ሲማር የቆየ ሌላ ልጅ፣ ተማሪ እስከሆነ አሁንም የውጭ ሰው ነው አሉ። እኔ ቤት ሽሮ ሲበላ ለውጭ ሰው እንደተሸጠ ተቆጥሮ፣ ለካ አሜሪካ ኤክስፖርት አደረገች! ልጁ የሚበላው በዱቤ መሆኑን ግን ማንም አልጠየቀኝም።

የቀበሌን «ሲስተም የለም» ይቅር ብያለሁ። የመንጃ ፈቃዱን ሰልፍም። አንተን ግን እንጃ።

ትናንት ወንድሜ ደወለ። የጾሙን ሜኑ ጨርሶ ዘንድሮ 600 ዶላር ጠየቀኝ። ባንተ አቆጣጠር 600 ዶላር 1 ሺህ ነው።

እባክህ፣ እንዳይሰማ።